ሸምሳ ለእጇ ተራ ስትጠይቅ

ከሸምሳ በፊት አራት ሴቶች ገብተው ነበር፤ አራቱም ወጥተዋል። ነጌሌ ውስጥ በነበረ አንድ የቴክኒክ ማሰልጠኛ፣ ኤሌክትሮ መካኒክ በሚባለው ክፍል ማለት ነው። የመጀመሪያዋ አግብታ ሄደች። ሁለተኛዋ በልኳ ቱታ ስላልተገኘላት የወንድ ቱታ ለብሳ፣ ረጅሙ እጅጌ መሰርሰሪያው ላይ ተጠመጠመባትና በድንጋጤ ቀረች። ሦስተኛዋ፣ ወርክሾፑ አጠገብ ያለው ሽንት ቤት የወንዶች ብቻ ስለነበረ፣ ጠዋት ውሃ ሳትጠጣ እየመጣች በዚያ በነጌሌ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ኋላ ሴክሬታሪ ገባች። አራተኛዋ ለምን እንደወጣች የጠየቃት ሰው የለም።

አምስተኛዋ ሸምሳ ናት። በ2002 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሠላሳ አንድ ወንዶች መሀል ሄዳ ተቀመጠች። የክፍሉ ኃላፊ የስም ዝርዝሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ዝርዝሩን አየ።

"አንቺ ልጅ፣ ሴክሬታሪ እኮ በዚያኛው ሕንፃ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ እኔ የተመዘገብኩት እዚህ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሸምሳ አልሳቀችም፣ አላኮረፈችምም። ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው በሳቅ አይደነግጥም። ደንበኛ ይስቃል፣ ይሳደባል፣ መጨረሻ ላይ ግን የፈለገውን ዕቃ ይዞ ነው የሚወጣው።

ሱቁ የአባቷ የሱሀይብ ነው። ሱሀይብ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ነጌሌ ላይ የቀረ ነጋዴ ነው፤ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቺንጋ፣ የሞተር ዘይት፣ የፓምፕ ጎማ ይሸጣል። ሸምሳ በ1984 ተወለደች። ቤት ውስጥ የአባቷን ቋንቋ፣ ሱቅ ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ላይ ኦሮምኛ እየሰማች አደገች፤ ሦስቱንም እያቀላቀለች ታወራ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆናት አባቷ "ሸምሲ፣ የአስራ ሦስት ዳዶ" ካላት፣ መብራት ባይኖርም እጇን ሳጥኑ ውስጥ ከትታ በዳሰሳ ታወጣለች። አንድም ቀን አስራ አራቱን ይዛ አልመጣችም።

ከሱቁ ጎን ወፍጮ ቤት ነበር። አንድ ጊዜ፣ ሸምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ መብራት አራት ቀን ጠፋና ባለ ወፍጮው የሱሀይብን ጄኔሬተር ተከራየ። ሞተሩ ተነሳ፣ ወፍጮው ዞረ፣ ዱቄት ግን ጠብ አልል አለ። ሴቶቹ ስልቻቸው ላይ ተቀምጠው "ጂኒ ገብቶበታል" ማለት ጀመሩ። ፊራኦል የሚባል ኤሌክትሪሺያን ተጠርቶ መጣና ሁለት ሽቦ ፈትቶ፣ የአንዱን በአንዱ ቦታ አስሮ፣ እጁን ጠረገ። ወፍጮው ዱቄቱን ይተፋው ጀመር።

"ምን አደረግከው?" አለችው ሸምሳ።

"ወደ ኋላ ነበር የሚዞረው፤ ወደ ፊት መለስኩታ።"

"የቱን ሽቦ ነው የቀየርከው?"

"ሦስት ናቸው አይደል? የትኛውንም ሁለት።"

ይሄ "የትኛውንም ሁለት" የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳት። በማግስቱ ሁለት የሰፈር ልጆች ይዛ፣ ሦስት ሆነው ክብ ሠርተው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በዙር ቆጠሩ። ከዚያ ሁለቱን ቦታ አቀያየረቻቸውና አስቆጠረች። ቁጥሩ በተቃራኒው ዞረ። ሌሎቹን ሁለት አቀያየረች፤ አሁንም ተገለበጠ። ልጆቹ ሰልችቷቸው ሄዱ። እሷ ግን መሬት ላይ ሦስት ጠጠር አስቀምጣ እስኪመሽ እዚያው ቀረች። እናቷ ዘቢባ ኋላ ላይ ሲጠይቋቸው "ልጄ የተበላሸችው ያን ቀን ነው" ይሉ ነበር፤ ግን ሲሉ ደስ እያላቸው ነው።

ያ ጄኔሬተር ሌላም ነገር አስተምሯታል። ለሰርግ ይከራይ ነበርና ሲመለስ የሚያጸዳው ማን ነው? ሸምሳ ናት። ሰርግ ደርሶ የመጣ ጄኔሬተር ያስታውቃል። ብረቱ መሀል የሚያብረቀርቅ የወረቀት ክር ይጠላለፍበታል፣ ክዳኑ ላይ ለስላሳ ፈስሶ ዝንብ ይጣበቅበታል፣ ዳዶዎቹን ደግሞ ያጠበቃቸው ያልለመደ ሰው ስለሆነ ጠርዛቸው ይላጣል።

እንግዲህ ማሰልጠኛው ውስጥ ሁለት ዓመት ቆየች። ውሃ ሳትጠጣ የመጣችበት ቀን አልነበረም፤ ሽንት ቤት ሲያስፈልጋት አባቷ ሱቅ ድረስ አስራ አምስት ደቂቃ ሄዳ፣ አስራ አምስት ደቂቃ ትመለሳለች። መምህሩ እሷ በሌለችበት ሰዓት ያስተማረውን ከአንዱ ልጅ ደብተር ላይ ትገለብጣለች። ቱታውን ዘቢባ በመቀስ ቆርጠው በእጃቸው ሰፉት። ይሄ ሁሉ ታለፈ። ያላለፈው የመስክ ልምምድ የሚባለው ነው።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ሰልጣኝ ሁሉ ስምንት ሳምንት ሥራ ቦታ ሄዶ ይለማመዳል፤ ያለማመደው ባለሙያ "ሠርቷል" ብሎ ይፈርማል፤ ፊርማው ያለበት ወረቀት እስከ የካቲት ሠላሳ ካልገባ የመጨረሻው ፈተና ላይ መቀመጥ የለም። ወንዶቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቦታ አገኙ። ሸምሳ አምስት ጋራዥ ዞረች። አንዱ "ሴት ልጅ መኪና ሥር ስትተኛ ደንበኛ ምን ይለኛል?" አላት። ሌላው "ሚስቴን ላማክር" አለና በዚያው ጠፋ። የክፍሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ደክሞት ነበር መሰለኝ። "ልጄ፣ ወረቀቱ ካልመጣ እኔ ምን ላድርግ? ሴክሬታሪ አሁንም ቦታ አለ" አላት።

በመጨረሻ ሱሀይብ ራሱ ሄዶ ጋሼ ኃይለሚካኤልን ለመነ። ጋሼ ኃይለሚካኤል በቆላው ያሉትን የጉድጓድ ፓምፖች እየዞረ የሚጠግን የታወቀ ቴክኒሺያን ነው። ሥራውን ያውቃል፣ ሰው ያከብረዋል፣ ግን ዕቃው ሲነካበት አይወድም።

"ይዣት እሄዳለሁ፣ ሱሀይብ፤ ለአንተ ብዬ። ሠርታ ካየሁ እፈርማለሁ፤ ሳትሠራ ግን አልፈርምም፤ ውሸት አልጽፍም። ሌላው ደግሞ፣ ምንም ነገር እንዳትነካ።"

ሸምሳ ይህን ስትሰማ ለእናቷ "እንዳትነካ ይላል፤ ሳልነካ ምን ስሠራ ሊያየኝ ነው?" አለች። የሱቅ ሰው ልጅ በረሃ ለበረሃ ከወንድ ጋር ትዞራለች ተብሎ የሚወራው አንሶ ይሄ ደግሞ ተጨመረ።

ሰባት ሳምንት እንደዚያው አለፈ። ሸምሳ የመፍቻ ሳጥን ተሸከመች፣ ካቻቢቴ አቀበለች፣ ሻይ አፈላች። ጋሼ ሲሠራ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ወረቀቷ ግን ባዶ ነው። በስምንተኛው ሳምንት ኤላ ዲማ ደረሱ።

ኤላ ዲማ ከነጌሌ ወደ ቆላው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ከብቱንና ግመሉን እየነዳ የሚመጣው ወደዚህ አንድ ጉድጓድ ነው፤ ፓምፑ ከመሬት ሥር ይስባል፣ ጄኔሬተሩ ያንን ያንቀሳቅሳል፣ ውሃው ገንዳው ውስጥ ይወርዳል። አሁን ግን ከቧንቧው የሚወጣው እንደ ሕፃን ሽንት የቀጠነ ነው። በፊት በአንድ ሰዓት የሚጠጣ መንጋ አሁን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጥጆች መቆም አቅቷቸው ጥላ ሥር ተኝተዋል።

ተራ የሚያስጠብቁት ሽማግሌው ጣዲቻ ናቸው። በቦረና፣ ኤላ በሚሉት የውሃ ጉድጓድ ሥርዓት፣ ተራ ማለት ቀልድ አይደለም፤ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣ የሚናገር አንድ ሰው አለ፣ እሱ ያለው አይታጠፍም። ፓምፕ ከመጣ በኋላም ሥርዓቱ አልቀረም።

ጋሼ ኃይለሚካኤል ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጥፎ ሰማ። ሞተሩ ይሠራል። ጥበቃውንና ጄኔሬተር አስነሺውን ዱባን ጠራው።

"ዱባ፣ ይሄ ጄኔሬተር ከቦታው ተነስቶ ያውቃል? ሰው ነክቶታል?"

"ኧረ በፍጹም!" አለ ዱባ፣ ጫማውን እያየ።

"እንግዲያው ውሃው ወርዷል። ፓምፑ ተስቦ መውጣት አለበት። ክሬን እስኪመጣ አስር ቀን።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ኤላ እንደ ሰው ነው፤ ይደክማል። ማሳረፍ ነው" አሉ። ድሮ በእጅ የተቆፈረውን ኤላ የሚያሳርፉት እንደዚያ ነበርና ይሄም የሚያርፍ መሰላቸው። ይሁንና አስር ቀን የሚጠብቅ ጥጃ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

ሸምሳ ጄኔሬተሩ አጠገብ ሳጥኑን ስታስቀምጥ ጎንበስ አለች። ብረቱ መሀል ብርማ የወረቀት ክር ተጠላልፏል። ክዳኑ ላይ የደረቀ ለስላሳ፣ ከነዝንቡ። ኬብሉ የታሰረባቸው ዳዶዎች ጠርዛቸው ተልጧል።

"ጋሼ፣ ይሄ ጄኔሬተር ሰርግ ሄዷል።"

"ሻይ አፍዪ" አላት፣ ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ሊወጣ እየተነሳ።

ሻዩን አፈላች። ከዚያ ቀጥ ብላ አባ ጣዲቻ ወደተቀመጡበት ዛፍ ሄደች። ሽማግሌው መፋቂያቸውን ያኝካሉ።

"አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ሱቂ?" አሏት። እንዴት ነሽ፣ የሱቅ ልጅ ማለታቸው ነው።

"ናጋ፣ አባ ጣዲቻ። ሰርጉ እንዴት ነበር?"

"የምን ሰርግ?"

"ጄኔሬተሩ የሄደበት።"

መፋቂያው ቆመ። ግራና ቀኝ አዩ።

"ማን ነገረሽ?"

"ጄኔሬተሩ።"

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። "የልጄ ሰርግ ነበር። ለማይክራፎን ነው የወሰድነው። ስልሳ ዓመት ኖሬ ድምፄ እንዲያ ሲያስተጋባ ሰምቼ አላውቅም፤ ሦስት ጊዜ መረቅሁ።" ወዲያው ፊታቸው ከበደ። "ከግቢ መውጣቱ ክልክል ነው። ከተሰማ ዱባ ከሥራው ይባረራል። ልጆች አሉት።"

"እኔ የመጣሁት ለክስ አይደለም፣ ለሽቦ ነው። ዱባ መልሶ ሲያስር ሁለቱን ሳያቀያይር አልቀረም። ፓምፑ ወደ ኋላ እየዞረ ነው፤ ለዚህ ነው ውሃው የቀጠነው። ላስተካክለው ግን ሞተሩን ማጥፋት አለብኝ። ተራ ይስጡኝ።"

"ከብት አለሽ?"

"የለኝም።"

"ግመል?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ተራ ለምንሽ ነው?"

"ለእጄ።"

አባ ጣዲቻ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ለእጅ ተራ ሰጥቼ አላውቅም" አሉ። "ተራ የጠየቀ ሰውም ግን መልሼ አላውቅም። ነገ፣ ከቦናያ ግመሎች በኋላ።"

"አባ፣ አሁን ቢሆን እኮ ሁሉም ቶሎ ይጠጣ ነበር።"

"ሊሆን ይችላል። ባይሆንስ? ከሌላ ሰው ተራ ላይ አጥፍተሽ ውሃው ባይመለስ፣ የሰው ከብት ገደልሽ ማለት ነው። ከራስሽ ተራ ላይ ያጠፋሽው ግን ያንቺው ነው። ማንም አይጠይቅሽም።"

ሸምሳ አሰበችበት። ልክ ናቸው። ሄዳ ወረፋው ውስጥ፣ ከቦናያ የግመል መንጋ ኋላ፣ የመፍቻ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። እረኞቹ ነገሩ ሲገባቸው ይዘባበቱባት ጀመር።

"ኢንታላ ሱቂ፣ ከብቶችሽ የት አሉ?"

"እዚህ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ትንንሽ ስለሆኑ ነው።"

"ይታለባሉ?"

"ነገ አልባቸውና ታያለህ።"

ያን ቀን እንደዚያ ዋለች። ማደሪያዋ ዱባ ቤት፣ ከሚስቱና ከስድስት ዓመት ልጃቸው ከሰንበቴ ጋር ነበር። ዱባ ጠዋት ወተት ሲሰጣት ቀና ብሎ አላያትም። እሷም ወተቱን ጠጥታ ወደ ወረፋዋ ሄደች።

እኩለ ቀን ሲሆን የቦናያ ግመሎች ከገንዳው ተነሱ። አባ ጣዲቻ በትራቸውን አነሱና "ተራው የሸምሳ ሱሀይብ!" ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ዞሮ መንጋዋን ፈለገ። ጋሼ ኃይለሚካኤል ያየው እሷ ሳጥኗን አንጠልጥላ ወደ ጄኔሬተሩ ስትሄድ ነው።

"አንቺ! እንዳትነኪ ብዬሽ አልነበረም?"

"ኃይለሚካኤል" አሉ አባ ጣዲቻ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ "ሞተሩ የእናንተ ነው። ተራው ግን የሷ ነው። በሰው ተራ አይገባም።"

ጋሼ ቆመ። ሃያ ዓመት በዚህ አገር ሠርቷል፤ ተራ ምን እንደሆነ ያውቃል። "ከተቃጠለ በስምሽ ነው" አለና እጁን አጣጠፈ።

ሸምሳ ሞተሩን አጠፋች። ጸጥታው አስፈሪ ነበር፤ ያቺ ቀጭን ውሃም ቆመች። አንዲት ሴት ከኋላ "ወይኔ!" አለች። ሸምሳ የሽቦ መፈተሻውን አስነክታ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን አረጋገጠች፣ ከሦስቱ ሁለቱን ፈታች። ሽቦዎቹ በፀሐይ ብዛት ቀለማቸው ጠፍቶ ሦስቱም አንድ መስለዋል፤ ዱባ ምን ያድርግ? ስትመልስ አንዷ ዳዶ ከጣቷ አምልጣ አፈሩ ውስጥ ወደቀች። እረኞቹ ሳቁ። እሷ ዓይኗን ከሽቦው ሳትነቅል ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰች። የአስራ ሦስት ዳዶ። ይቺንማ በጨለማም ታውቃታለች። አሰረች፣ አጠበቀች፣ ጄኔሬተሩን አስነሳች።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ አሳለ። አየር ተፋ። ቀይ ጭቃ ተፋ። ቀጥሎ ውሃው የቧንቧውን አፍ ሞልቶ መጣና የገንዳው ግድግዳ ላይ ሲመታ ፊት የቆመውን ሰው ሁሉ አራሰው።

ያጨበጨበላት ሰው የለም። ሁሉም ወደ ውሃው ተንጋጋ። አባ ጣዲቻ በትራቸውን እያወናጨፉ "በተራ! በተራ! ተራው ገና የልጅቷ ነው!" ብለው ሕዝቡን መለሱት። ከዚያ ወደሷ ዞሩ። "ውሃሽ እየፈሰሰ ነው። ለማን ትሰጪዋለሽ?"

ሸምሳ ጥላው ሥር የወደቁትን ጥጆች አሳየቻቸው። ተሸክመው አመጧቸው።

ማምሻውን ጋሼ ኃይለሚካኤል የመኪናው በር ላይ ተቀምጦ ጠራት።

"ለምን መጀመሪያ አልነገርሽኝም?"

"ነግሬዎት ነበር፤ 'ሻይ አፍዪ' አሉኝ።"

"ሻዩስ?"

"አፍልቼልዎታለሁ።"

ሳቀ፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ "ሽቦውን የፈታው ማነው?" አላት። ዱባ ትንሽ ራቅ ብሎ ነዳጅ ይቀዳል፤ በርሜሉ ሞልቶ ይፈስሳል፣ እሱ አላየውም።

"ሽቦው ላይ ስም አልተጻፈበትም፣ ጋሼ።"

ጋሼ ዱባን አየ፣ የፈሰሰውን ነዳጅ አየ፣ ገባው። "ወረቀትሽን አምጪ" አለ። "የተሠራው ሥራ ይገለጽ" የሚለው ቦታ ሙሉ ገጽ ነው፤ ወንዶቹ ሁሉ ገጹን ሞልተው ነው ያመጡት። ጋሼ ብዙ አሰበና አንድ መስመር ጻፈ፦ "አንድ ጊዜ ነካች፤ ውሃ መጣ።" ከሥሩ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ።

የክፍሉ ኃላፊ ያንን አንብቦ "ይሄ ምን ማለት ነው?" ሲላት "ያው እንደተጻፈው ነው" አለችው። ፈተናው ላይ ተቀመጠች፣ አለፈች። ጥቂት ዓመት ከጋሼ ጋር በደመወዝ ሠራች፣ በክረምት እየተማረች ዲግሪዋን ያዘች፣ ተመልሳም በዚያው ወርክሾፕ አሰልጣኝ ሆነች። ስትቀጠር "ምን ዓይነት ማሽን ይገዛልሽ?" ተብላ ተጠይቃ የመለሰችው "ሽንት ቤት" ነው። እምቢ አሉ። በየወሩ ጻፈች። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። የሴቶቹ ሽንት ቤት ቁልፍ አሁን ከመፍቻዎቿ ጋር ወገቧ ላይ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ ትንንሽ ቱታዎች አሉ፤ ዘቢባ ናቸው የሰፉት።

በ2016 ከሃያ ስምንት ሰልጣኞቿ ዘጠኙ ሴቶች ነበሩ። "ገና ነው" ትላለች ሰው ሲያመሰግናት። በመጀመሪያው ቀን አንድ አሮጌ ጄኔሬተር መሀል ላይ አስቀምጣ፣ አንድ ፓምፕ ውሃ አልሰጥ ቢል መጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቀቻቸው። ወንዶቹ ነዳጅ እናያለን፣ ፊውዝ እናያለን፣ ፈትተን እናወጣዋለን አሉ።

"መጀመሪያ" አለች ሸምሳ፣ "ሰርጉ የማን እንደነበር ጠይቁ።"

የገባው የለም። ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ እጇን አወጣች። ከኤላ ዲማ የመጣችው ሰንበቴ ዱባ ናት።

"የአባ ጣዲቻ ልጅ ሰርግ ነበር፣ ቲቸር። ሽቦውን አገላብጦ ያሰረውም አባቴ ነው። እስከ ዛሬ ያወራዋል።"

አስራ ሁለት ዓመት የተጠበቀ ምስጢር በአንዴ ወጣ። ሸምሳ ከት ብላ ሳቀች፤ ዓይኗን በቱታዋ እጅጌ ጠረገችና የአስራ ሦስቱን መፍቻ ዘረጋችላት።

"በይ ነይ፤ ተራው ያንቺ ነው።"